ከተቆረጠበት

ጥያቄው ተጠይቋል፣ መልሱ ግን ገና ነው። ቃል መዝጋቢዋ ሴትዮ ጣቶቿን ከትንሿ ማሽኗ በላይ አንጠልጥላ ትጠብቃለች፣ የካሜራው ቀይ መብራት እንደበራ ነው፣ ከጠረጴዛው ማዶ የትልቁ ኩባንያ ጠበቃ ሚስ ካርላይል ብዕሯን ወረቀቱ ላይ አጋድማ እጆቿን አጣምራለች፣ እስኪመሽም ቢሆን እጠብቅሃለሁ የምትል ትመስላለች፤ ኢላንጎ ግን የሚያስበው ስለ ጥያቄው አይደለም፣ ስለ ሞቴሉ አልጋ ነው፣ ሦስት ሌሊት ሙሉ ሲገላበጥበት እንቅልፍ በዓይኑ ሳይዞር ስለነጋበት አልጋ፣ አንሶላውን ከፍራሹ ሥር እንዲያ አጥብቀው የሚወትፉት እግር ለማሰር ካልሆነ ለምን ይሆን፣ እህቱ ብታየው ምን ብላ ትስቅ ነበር። እህቱን ማሰብ አልነበረበትም። ከሁሉም ከሁሉም እህቱን ማሰብ ነው ያልነበረበት፣ ምክንያቱም ፊት ለፊቱ ቁጥር ተለጥፎበት በተቀመጠው ፎቶግራፍ ውስጥ ያለችው እሷ ናት፣ ጸጉሯ ላይ ጠምበለል ሰክታ፣ አበባ በተጠለቀለት አሮጌ ኮምፒዩተር ጎን ቆማ፣ ፊቷ ያለው ደብተር ተገልጦ። ጥያቄውም ይኸው ነው፤ ይህቺ ሴት ማናት፣ ደብተሩ ላይ ያሉት ሁለት የቁጥር ረድፎችስ የማን ሐሳብ ናቸው?

ከጠዋት ጀምሮ በዚህ ክፍል ውስጥ የአባቱ ስም ሳይነሣ አምስት ደቂቃ አላለፈም። የካንዳሳሚ ፓተንት፣ ካንዳሳሚ ገጽ አራት ላይ፣ ሚስተር ካንዳሳሚ ውሃ ይፈልጋሉ? እነሱ አገር የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለም፣ የአባት ስም የመጀመሪያ ፊደል ከልጅ ስም ፊት ትቆማለች፣ አለቀ፣ እሱም እህቱም በዚያች በአንዲት ፊደል ሥር ነው ያደጉት። የቪዛ ቅጽ ላይ ግን ባዶ ሳጥን ነበረ፣ ፈረንጅ ደግሞ ባዶ ሳጥን አይወድም፣ አባቱን በሙሉ ስሙ ሞላው፣ እና እንዲህ ሆኖ ሕንድ አገር፣ ቲሩፑር ከተማ ካናቴራ ፋብሪካ ውስጥ የሹራብ ማሽን ሲያሠራ ዕድሜውን የጨረሰ፣ ከልጆቹ የትምህርት ቤት ካርድ በቀር የትም ፈርሞ የማያውቅ ሰውዬ፣ ከሞተ በኋላ ቴክሳስ ውስጥ ጠበቆች የሚናጩበት ስም ሆነ። ፓተንቱ፣ የፈጠራ ባለቤትነት ወረቀቱ፣ የጸደቀ ዕለት ወደ ቤት ደውሎ «አካ፣ በአባታችን ስም ወጣ እኮ» አላት፣ ታላቅ እህቱን አካ ነው የሚላት፣ እሷም እንደዚያ ቀን ስትስቅ ሰምቷት አያውቅም። «እንግዲያው እኔም አለሁበት በለኛ፣» አለች። «አለሽበት፣» አለ። ስልኩ ያን ዕለት እንኳ አልተቆረጠም፣ በዚያች ቅጽበት መቆረጥ ሲገባው አልተቆረጠም፣ «አለሽበት» ያላት ጥርት ብሎ ደረሳት።

ሐሳቡ የተወለደው ስልክ ላይ ነው፣ ይህን ለማንም ተናግሮ አያውቅም። እዚህ በመጣበት የመጀመሪያው ዓመት እነሱ አገር መብራት በቀን ለስምንት ሰዓት ያህል ይጠፋል፣ መብራት ሲጠፋ የኔትዎርክ ማማውም አብሮ ይሞታል፣ የእሁድ ስልካቸውም አራት አምስቴ ይቆረጣል። ሌላ ሰው ቢሆን እንደገና ሃሎ ሃሎ፣ ትሰሚኛለሽ፣ ምን እያልኩ ነበር፣ ብሎ ከመጀመሪያው ይነሣል፣ እሱን ሲጨርስ ደግሞ ይቆረጣል። እህቱ ታማራይ ግን ጊዜ ማባከን አትወድም፣ ልጅ ሆናም አትወድም ነበር፣ ስልኩ ተመልሶ ሲገባ ሰላምታ የለ ምን የለ፣ «ካንተ የሰማሁት ‹አዲሱ ጫማዬ› እስከሚለው ነው፣ አንተስ ከኔ?» ትላለች፣ እሱም «‹የጎረቤታችን ፍየል› እስከሚለው» ይላል፣ «በል ቀጥል»፣ ይቀጥላል፣ የጎደለውን ብቻ እየሞሉ ሲያወሩ ይውላሉ፣ ፍየሏ የማንን መጋረጃ እንደበላች ሳይቀር። ከዚያ ታማራይ ይህንኑ ወደ ሥራዋ ወሰደችው። ካናቴራ ፋብሪካው ውስጥ ጸሐፊ ናት፣ ትእዛዝ በኮምፒዩተር ጽፋ ከተማው ዳር ላለው ማቅለሚያ ቤት ትልካለች፣ መብራት በሄደ ቁጥር ሁሉም ድራሹ ይጠፋል፣ ሁሉም እንደ አዲስ ይላካል፣ አንዱ ትእዛዝ ሁለቴ ይደርስና ሰማያዊ መሆን ያለበት ካናቴራ በእጥፍ ሰማያዊ ሆኖ ቁጭ ይላል። እሷ ለእያንዳንዱ መስመር ቁጥር ሰጠች፣ ደብተሯን በሁለት ረድፍ ከፈለችው፣ እዚህ እኔ የላክሁት የመጨረሻው፣ እዚያ አንተ ደረሰኝ ያልከኝ የመጨረሻው፤ መብራት ሲመጣ ሁለቱም ወገን አንድ አንድ ቁጥር ብቻ ይነጋገራሉ፣ መካከል ላይ የቀረው ብቻ ይላካል። «የኛን የስልክ ነገር ፋብሪካ አስገባሁት፣» ብላ እየሳቀች አንድ እሁድ ነገረችው። ሰኞ ጠዋት ኢላንጎ በአሠሪው በዌስሊ ቢሮ ግድግዳ ላይ ሁለት ረድፍ ሳለ።

ዌስሊ ታከር እዚያው ጥግ ተቀምጧል፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ። ዛሬ መምጣት አልነበረበትም፣ ጠበቃቸው ፕሩዊት አትምጣ ብሎት ነበር፣ ግን ላንጎን ብቻውን አልተወውም ብሎ መጣ፣ ኢላንጎ ማለት ከብዶት ዐሥር ዓመት ሙሉ ላንጎ እንዳለው ነው፣ መኪና መንዳት ያስተማረው እሱ ነው፣ ሥጋ እንደማይበላ ሲያውቅ ለአዲስ ዓመት ግብዣ ባቄላ ለብቻ ያስቀቀለለት እሱ ነው። ሎንግቪው በምትባል የቴክሳስ ከተማ ውስጥ ከጎማ ቤት ፎቅ ላይ ሦስት ጠረጴዛ ይዘው ያችን ሐሳብ ለተንቀሳቃሽ ስልክ አደረጓት፣ መስመር ሲቆረጥ የጎደለውን ብቻ የሚሞላ ፕሮግራም፣ ሁለት ዓመት ፈጀ፣ ሁለቱን ዓመት የለፋው ኢላንጎ ነው፣ ይህም እውነት ነው፣ ሌሊት ሌሊት ይህንን ነው ለራሱ የሚነግረው፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ እያንዳንዷን መስመር የጻፍኩ እኔ ነኝ። ከዚያ የትልቁ ኩባንያ ሰዎች መጡ፣ አዩ፣ አደነቁ፣ የዌስሊን ባለቤት ኬክ በሉ፣ እንደውልላችኋለን አሉ፣ አልደወሉም፣ በዓመቱ ነገርየዋ በየስልኮቻቸው ውስጥ ገብታ ብቅ አለች። ዌስሊ ከሰሳቸው። ስድስተኛ ዓመቱን ይዟል፣ ጸጉሩ የነጣው በዚህ ነው፣ ከሦስቱ ጠረጴዛ ሁለቱ ባዶ የቀሩት በዚህ ነው፣ አሁን በእጁ ያለው ይህቺ ፓተንት ብቻ ናት። እሷም የቆመችው ኢላንጎ ቅጹ ላይ በፈረማት አንዲት መሐላ ላይ ነው።

ቅጹን የፈረሙበትን ቀን ያስባል። ጸደይ ነው፣ መስኮቱ ክፍት ነው፣ ከታች ጎማ የሚነፋው ማሽን ይጮኻል፣ ዌስሊ ወረቀቱን በአውራ ጣቱ እየነካ «የፈጠራው ባለቤቶች ስም ይላል፣ ያንተ ብቻ ነው አይደል? ሌላ ሰው ካለበት ጨምረው፣ አንድ መስመር ናት» ይለዋል፣ እሱም ራሱን ያወዛውዛል፣ እነሱ አገር እንደሚወዛወዘው፣ አዎም አይደለምም ሳይሆን ሰምቼሃለሁ በሚለው ዓይነት፤ ዌስሊ ግን ራስ ሲወዛወዝ አይገባውም፣ «ምን?» አለው፣ ያኔ ነው አፍ አውጥቶ «የኔ ብቻ ነው» ያለው። የመኖሪያ ፈቃዱ ጉዳይ በዚያው ሰሞን ተንጠልጥሎ ነበር፣ የኢሚግሬሽን ጠበቃው ብቻህን የፈጠርከው ነገር ካለ ጥሩ ነው ብሎታል። ግን እሱም አይደለም። እውነቱን ከተነጋገርን እሱም አይደለም። ታማራይ ጸሐፊ ናት፣ አማሪካ ወረቀት ላይ የካናቴራ ፋብሪካ ጸሐፊ ስም ምን ይሠራል ብሎ አፈረ፣ አፈረባት፣ የኮሌጅ መግቢያ ፈተናውን በዐሥራ አንድ ነጥብ በልጣው፣ ለሁለት የሚበቃ አቅም ስለሌለ እሱ ይሂድ ተብሎ ደብተሯን አስታቅፋ በባቡር በሸኘችው ልጅ አፈረባት።

«ሚስተር ካንዳሳሚ፣» ትላለች ሚስ ካርላይል በትህትና፣ «ጥያቄው ይደገምልዎ?»

ራሱን ያወዛውዛል። ቃል መዝጋቢዋ ቀና ብላ «በድምፅ ይመልሱልኝ፣ እባክዎ፣ የራስ ውዝዋዜ መጻፍ አልችልም» ትላለች። ከጠዋት ጀምሮ ለዐራተኛ ጊዜ ነው።

«ትንሽ ዕረፍት ቢሰጠኝ፣» አለ።

ፕሩዊት ሳያየው «ጥያቄ ተንጠልጥሎ ዕረፍት የለም፣ መልስና እንወጣለን» አለው። ፕሩዊት ይህን ሁሉ አስቀድሞ ነግሮታል፣ ባለፈው ሳምንት፣ በሩን ዘግቶ። ሐሳቡን ያዋጣ ሌላ ሰው ካለና ከቅጹ ከቀረ፣ ያ ሰው እንደናንተው ባለቤት ነው፣ ተነሥቶ ለትልቁ ኩባንያ ተጠቀሙበት፣ ፈቅጃለሁ ካለ ክሱ እዚያው ሞተ፣ ስለዚህ ላንጎ፣ ሌላ ሰው ካለ አሁን ንገረኝ፣ እዚያ ክፍል ውስጥ እንዳልሰማው። የለም አለው። ዓይኑን በጨው አጥቦ የለም አለው፣ ምክንያቱም ያኔ ነገሩን አስተካክዬዋለሁ ብሎ ያስብ ነበር።

ያስተካከለው እንዲህ ነው። ከሁለት ወር በፊት ታማራይ ደወለች፣ እሁድ ሳይሆን፣ ማክሰኞ። «ከቼናይ ከተማ ሁለት ሰዎች መጥተው ነበር፣» አለች፣ «የሚሠሩት ለከሰሳችሁት ኩባንያ ነው፣ ጨዋ ናቸው፣ ጣፋጭ በካርቶን ይዘው፣ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው፣ ስለ ደብተሬ ጠየቁኝ። ሁለቱን ረድፍ ያሰብሽው አንቺ ነሽ ወይ አሉኝ። ምን ልበላቸው?»

«ምን አልሻቸው?»

«ወንድሜን ልጠይቅ አልኳቸው። ነገ ይመለሳሉ።»

«አላስታውስም በያቸው።»

መስመሩ የተቆረጠ መስሎት «አካ?» አለ።

«አለሁ። የቱን ነው የማላስታውሰው?»

«ሁሉንም። ዓመታት አልፈዋል፣ የማስታወስ ችሎታዬ ደካማ ነው በያቸው። ዌስሊ የሚባለው ሰውዬ ያለው ይቺ ብቻ ናት፣ አካ፣ እኔን ያሳደገኝ ሰው ነው እዚህ።»

«እኔስ?» አላለችም። እሱ ነው ሦስት ሌሊት ሙሉ በእሷ ድምፅ «እኔስ?» የሚለው። እሷ ያለችው «እሺ፣ ታምቢ» ነው፣ ታናሽ ወንድሟን የምትጠራበት ነው፣ ጣፋጩን ግን መልሼላቸዋለሁ፣ ደስ አላለኝም፣ አለችና ስለ ዝናቡ አወራችለት። በሳምንቱ የፕሩዊት መልእክተኛ ወረቀት ይዞላት ሄደ፣ ምላ ፈረመች። አረፍተ ነገሮቹን ኢላንጎ ራሱ ነው በስልክ ያስጠናት፣ ቃል በቃል፣ እሷም አንዷን ቃል ሳትስት ደገመችለት።

ያልገመተው ፎቶግራፉን ነው። ቲሩፑር ውስጥ በዓመት አንድ ቀን መሣሪያ ሥራ አይሠራበትም፤ መቀሱ፣ ሹራብ ማሽኑ፣ የጭነት መኪናው፣ ኮምፒዩተሩ ሳይቀር ይወለወላል፣ እርድና ቀይ ዱቄት ይቀባል፣ አበባ ይጠለቅለታል፣ ደብተሮች ተዘግተው በዕውቀት እንስት አምላክ በሳራስዋቲ ሥዕል ፊት ይቀመጣሉ፣ እስከ ማግሥቱ ማንም አይነካቸውም። ያን ዓመት ግን የፋብሪካው ባለቤት «የዚችን ልጅ ደብተር ግለጡት፣ እመቤቲቱም ታንብበው» ብሎ አስገለጠው፣ ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስቦ ፎቶ አስነሣ፣ ከሥሩ ቀኑን አስጽፎ ቢሮው ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ታማራይ ይህንንም በስልክ ነግራው ነበር፣ ሦስት ጊዜ እየተቆረጠ፣ እየተቀጠለ። ረሳው። የማስታወስ ችሎታው ደካማ የሆነው እሱ ነው። የቼናይ ሰዎች ጣፋጫቸውን ይዘው ሲወጡ ፋብሪካው ቢሮ ጎራ ብለው ቀና ሲሉ አዩት፣ ቀኑ ቅጹ ከመፈረሙ ሁለት ዓመት ይቀድማል፣ አሁን አጉልተው አሳትመውት እዚህ ማርሻል ከተማ፣ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ጠዋት ሚስ ካርላይል ኮምፒዩተሩ ላይ ያለውን ቀይ ነጠብጣብ በብዕሯ እያሳየች «ይህ ደም ነው?» ብላ ጠይቃው ነበር፣ ፕሩዊትም የቤት ውስጥ ጸብ ሊነሣ ነው ብሎ ሳይሆን አይቀርም «ተቃውሞ አለኝ» ብሎ ብድግ አለ። ሌላ ቀን ቢሆን ይስቅ ነበር። ለታማራይ ይነግራት ነበር፣ እሷ ትሞት ነበር በሳቅ።

«እንግዲያው ላግዝዎት፣» አለች ሚስ ካርላይል፣ ከፋይሏ አንድ ወረቀት አወጣች። «ይህ በእናንተው በኩል የቀረበ የመሐላ ቃል ነው። የታማራይ ካንዳሳሚ። አነባለሁ። ‹ስለ ተባለው ደብተር የማስታውሰው ነገር የለም። ስለ ቁጥሮቹ የማስታውሰው ነገር የለም። የማስታወስ ችሎታዬ ደካማ ነው።›» ቀና አለች። «እህትዎ ናት፣ አይደለም? የማስታወስ ችሎታዋ ደካማ ነው?»

ቃል መዝጋቢዋ ጻፈችው። የማሽኗ ድምፅ ቀጭን ነው፣ ጨርቅ ላይ መርፌ ሲሄድ የሚሰማው ያህል፣ የማስታወስ ችሎታዬ ደካማ ነው፣ ተጻፈ፣ ለዘለዓለም ተጻፈ፣ ስለ ታማራይ፣ ‹አዲሱ ጫማዬ› እስከሚለው ነው የሰማሁት ስለምትለው ታማራይ፣ በሰባት ዓመቱ ከዛፍ ላይ ሲወድቅ የጮኸውን ቃል እስከ ዛሬ ስለምትቀልድበት ታማራይ። ፎቶው ውስጥ ቀጥ ብላ ታየዋለች፣ ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ያን ቀን ባለቤቱ ደብተሯን ስላስገለጠላት ፊቷ ላይ ኩራት አለ፣ ልትደብቀው ሞክራ ያልተደበቀላት ኩራት። ኢላንጎ ዌስሊን ማየት አልፈለገም፣ ግን አየው። ዌስሊ አበረታታው፣ በዓይኑ፣ በርታ ልጄ እንደማለት። ያ ነው የባሰው።

«የማስታወስ ችሎታዋ ደካማ አይደለም፣» አለ ኢላንጎ። ድምፁ የሌላ ሰው መሰለው። «ያንን እኔ ነኝ በያቸው ያልኳት። ደብተሩ የሷ ነው። ሁለቱ ረድፎችም የሷ ናቸው፣ ያሰበችው እሷ ናት። እኔ በስልክ ሰምቼ ጻፍኩት።»

ፕሩዊት ዓይኑን ጨፈነ። ሚስ ካርላይል ደስታዋን ለመደበቅ ያህል ወረቀት አገላበጠች። ቃል መዝጋቢዋ ብቻ ናት የተናገረችው፣ «ስሟን ፊደል በፊደል ይበሉልኝ» አለች፣ እሱም አንድ በአንድ አላት፣ ከአንድ መስመር አይበልጥም ነበር፣ ሲቆጥረው ከአንድ መስመር እኩሌታ አይበልጥም።

ኮሪደሩ ላይ ዌስሊን ብቻውን ቆሞ አገኘው። ስድብ ጠብቆ ነበር፣ ስድቡን ተመኝቶታል እንኳ፣ ቢሰድበው ይቀለው ነበር።

«ማን አልከኝ ስሟን?»

«ታማራይ።»

«ታማራይ፣» አለ ዌስሊ፣ በትክክል ለማለት እየሞከረ። ባርኔጣውን በእጁ አንድ ዙር አዞረው። «ያኔ እኮ ጠይቄህ ነበር፣ ላንጎ። አንድ መስመር ናት ብዬህ ነበር። እጽፋት ነበር። ደስ እያለኝ እጽፋት ነበር፣ ዛሬ ሦስታችንም እዚህ በሆንን።» ከዚያ ባርኔጣውን አደረገና ፕሩዊትን ፍለጋ ሄደ፣ እግሩን እየጎተተ፣ አንዴም ዞር ሳይል።

ኢላንጎ ወደ መኪና ማቆሚያው ወጣ። ጸሐዩ አናቱን ይመታዋል፣ ግን ደረቱ ላይ የሆነ ነገር ለቀቅ ብሎታል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እና በዚያ ምክንያት ያፍራል፣ ዌስሊ እንደዚያ እየተጎተተ ሄዶ እሱ መቅለሉ ያሳፍረዋል። ደወለ። እዚያ ሰው ሁሉ የተኛበት ሰዓት ነው፣ እሷ ግን ገና አንዴ ሲጠራ አነሣችው።

«አካ።»

«ድምፅህ ምን ሆኗል? ጉንፋን ነው ወይስ ውሸት?»

«ውሸት አይደለም። ዛሬ አይደለም። ስምሽን ነገርኳቸው። የሷ ነው አልኳቸው።»

ከጣሪያዋ የሚሽከረከረው ማራገቢያ ድምፅ ይሰማዋል። ትስቃለች ብሎ ጠበቀ፣ እንደዚያ ቀን፣ እንግዲያው እኔም አለሁበት በለኛ እንዳለችበት ቀን። አልሳቀችም።

«ታምቢ፣» አለች በመጨረሻ፣ ቀስ ብላ፣ «እኔ እኮ አላስታውስም ብዬ ምዬ ፈርሜያለሁ። ሰውዬው ማኅተም ሲመታበት አይቻለሁ። አሁን እነዚያ ሰዎች ተመልሰው መጥተው ሲጠይቁኝ ዋሽቼ ነበር ልበል? በመሐላ? እኔ በዕድሜዬ ማንንም ዋሽቼ አላውቅም፣ ላንተ ብዬ እኮ ነው፣ ላንተ ብዬ...»

ተቆረጠ።

ስልኩን ከጆሮው ሳያወርድ ቆሞ ቀረ። ይህን አላሰበውም። እዚያ ክፍል ውስጥ ስለ እሷ እየተናገረ እሷን አላሰባትም፣ መጀመሪያ ስሟን ወሰደባት፣ ቀጥሎ ትዝታዋን ወሰደባት፣ ዛሬ ስሟን ልመልስላት ብሎ ውሸታም አድርጎ አጻፋት፣ በአንዱ ወረቀት ላይ የፈጠረች፣ በሌላው የማለች፣ ሁለቱም በአባታቸው ስም። መልሶ ደወለ። አልገባም። ደገመ። ከኋላው በሩ ተከፍቶ ፕሩዊት «ላንጎ፣ ይፈልጉሃል» ሲለው ይሰማዋል፣ እጁን አንሥቶ ቆይ አለው፣ ስልኩ እየጠራ ነው፣ እዚያ ቤት፣ መስኮቱ ሥር ባለችው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ እየጠራ ነው፣ አታነሣውም፣ ለምን ታነሣዋለች፣ እሱ ቢሆን አያነሣውም ነበር።

አነሣችው። ሰላምታ የለ ምን የለ።

«ካንተ የሰማሁት ‹የሷ ነው አልኳቸው› እስከሚለው ነው፣» አለች። «አንተስ ከኔ?»

ለፕሩዊት ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ።

«‹ላንተ ብዬ› እስከሚለው።»

«እንግዲያው የጠፋ ነገር የለም፣» አለች ታማራይ። «ቀጥል።»